ደሄቦ ጭንቅላቷን ልታስከፍት ነው

ድሬዳዋ ውስጥ ጫት የሚሸጥ ሰው ሞልቷል፤ ስድብ መርቆ የሚሸጥ ግን ደሄቦ ብቻ ናት። ስድቡ አይከፈልበትም፤ ከጫቱ እስር፣ ከዙርባው ጋር ተጠቅልሎ ይሰጣል። ደንበኛው ገና ከሩቅ ሲመጣ መልኩን ትመዝናለች፣ አፉን ሳይከፍት ትቀድመዋለች። አንዱን «አፍንጫህ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነው፤ አንተ የት ቆየህ?» ትለዋለች። ሌላውን «ዋሪያ፣ ይሄን ሸሚዝ ያለበሰህ ጠላትህ ማነው?» ትለዋለች። ተሰደብኩ ብሎ የቀረ ደንበኛ አላውቅም። እንዲያውም ሳትሰድበው ጫቱን የሰጠችው ሰው ቀኑን ሙሉ ይጨነቃል፤ «ፊቴ ላይ ምን አይታ ነው ያዘነችልኝ?» እያለ።

ቦታዋ ሳቢያን ሰፈር ነው፤ ከመንገዱ ዳር ካለው ትልቅ የኒም ዛፍ ሥር። በእኛ ከተማ ጥላ ማለት ርስት ነው። ደሄቦ ይህን ርስት ከእናቷ ወርሳዋለች። እናቷ እዚያው ተቀምጠው ሲሸጡ አስታውሳለሁ፤ ዛፉ ያኔ ከእኔ የልጅ ክንድ ብዙም አይወፍርም ነበር፤ ጥላውም ለሳቸውና ለአንድ ድመት ብቻ ይበቃ ነበር። አሁን ዛፉ ግዙፍ ሆኗል። ሴትዮዋም ድመቷም የሉም።

ከመንገዱ ማዶ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ የምትሸጠው ናዲፋ ናት። ናዲፋ ቀኑን ሙሉ ጫቷን እርጥብ ጆንያ ስታለብስና ውሃ ስትረጭ ትውላለች፤ ጫት ፀሐይ ካገኘው ለፍየል እንጂ ለሰው አይሆንም። ጥላውን እያየች ነው ያረጀችው። ሁለቱ ሴቶች ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ ሆነው ይዘላለፋሉ፤ በመሃል የሚያልፈው ባጃጅ ሁሉ ድርሻውን ይዞ ይሄዳል።

ባለፈው ዓመት ደሄቦን ራሷን ያማት ጀመር። ጫት ሻጭ ራሷን ሲያማት የሚያዝንላት የለም፤ «የጫት ሐራራ ነው፣ ከምትሸጪው ቅመሽ» ይሏታል። ትኩሳት ሲጨመርበት ወባ ነው ተባለ። ሆስፒታል የገባችው አንገቷ አልታጠፍ ብሎ፣ ልጇን ዱኒያን «አንቺ ማነሽ?» ያለቻት ቀን ነው። ከጀርባዋ ፈሳሽ ቀድተው መረመሩና ማጅራት ገትር አሏት፤ ያውም የቲቢ።

ነፍሷ መለስ ሲል ይህን ነገሯት።

«ቲቢ ሳንባ አይደል እንዴ የሚገባው?» አለች። «መንገድ ጠፍቶት ነው ጭንቅላቴ የወጣው?»

ለረጅም ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ተሰጣት። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ አንገቷ ታጠፈላት፣ ወደ ዛፏ ተመለሰች። ክኒኑ ሽንቷን ብርቱካናማ ስላደረገው «ያለ ፋብሪካ ሚሪንዳ አወጣለሁ» እያለች ለመጣው ሁሉ ትናገር ነበር። እኛም ድናለች አልን። ቸኩለን ነበር።

አንድ ቀን አብዲቃድር መጣ። አብዲቃድር የባቡር ጡረተኛ ነው፤ ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም። ደሄቦ ስለዚያ ራስ ያላለችው ነገር አልነበረም። የዚያን ቀን ቀና አለችና፣ «አንተ፣ ይሄን ጎፈሬ ተላጨው እንጂ፤ ወፍ ጎጆ ልትሠራበት ነው!» አለችው።

ዛፉ ሥር የነበረው ሰው በሳቅ ፈረሰ። አብዲቃድር ራሱ መላጣውን በመዳፉ እያሻሸ «አቦ፣ ይቺን ሴትዮ አልቻልናትም!» አለ።

በማግስቱ እንደ ሸንበቆ የቀጠነውን የፋርማሲውን ልጅ «ሆድህ ቀድሞህ ገባ» አለችው። ዩኒፎርሙን ግጥም አድርጎ የለበሰውን የትራፊክ ፖሊስ «አንተ ወያላ፣ መንገዱን ልቀቅ» አለችው፤ ፖሊሱም እየሳቀ ለቀቀ። ደሄቦ ቅኔ ጀመረች ተባለ። ስድቡን ገልብጣ ነው የምትሰጠው፣ ረጅሙን ድንክ፣ ድንኩን ምሰሶ እያለች ነው ተብሎ ተወራ። ከመልካ ጀብዱ ድረስ ለመሰደብ የሚመጣ ሰው ተገኘ። ገበያዋ እንደዚያን ሰሞን ደርቶ አያውቅም።

ነገሩ ቅኔ አልነበረም። አታይም ነበር። ማለት፣ ታያለች፤ ግን ሰው የሚታያት ጭስ ውስጥ እንደቆመ ሆኖ ነው፤ ከድምፁና ከቁመቱ እየገመተች በግምት ትሰድባለች። ጎንበስ ብላ ዙርባ ስታነሳ ደግሞ ጭልም ይልባታል፤ ቀና ካለች በኋላ ቆይቶ ይመለስላታል። ለማንም አልተናገረችም። በኋላ ለምን እንደደበቀች ስጠይቃት፣ «መብራትም እኮ በፈረቃ ነው፤ ዓይኔ ከመብራት በምን ይበልጣል?» አለችኝ።

ያወቀባት ዱኒያ ናት። ዱኒያ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ ትሠራለች፤ ከሥራ ገብታ እናቷ ሻይ ስትቀዳ አየች። ሻዩ ብርጭቆው አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ በትልቅ እርጋታ እየተቀዳ ነበር። በነጋታው ወደ ዓይን ክሊኒክ ይዛት ሄደች። መነጽር ይሰጡናል ብለው ነበር። የመረመራት ሰው በመሣሪያው የዓይኗን ውስጥ አየ፣ ደግሞ አየ። «የመነጽር ጉዳይ አይደለም» አለ። «ከዓይኗ ኋላ ያለው ነርቭ አብጧል። የጭንቅላት ቀዶ ሐኪም ይያት።»

ቀዶ ሐኪሙ ሐረር ነበር፤ ዶክተር ነህምያ ይባላል፤ ከደጋ የመጣ ጨዋ ወጣት ነው። «ወይዘሮ ደሄቦ፣ ይቀመጡ» ሲላት ዞር ብላ ኋላዋን አየች።

«ከእኔ ጋር ሌላ ሰው ገብቷል እንዴ?»

እኛ ጋ «እርስዎ» የሚባል ሰው ወይ ዳኛ ነው ወይ አስከሬን። ሐኪሙ ቶሎ ገባውና ወደ «አንቺ» ወረደ።

«አንጎል ውሃ ውስጥ ነው የሚቀመጠው» አላት። «ውሃው ይመነጫል፣ ይዞራል፣ መውጫም አለው። ማጅራት ገትሩ የአንጎልሽን ሽፋን አቁስሎ ጠባሳ ጣለበት፤ ጠባሳው መውጫውን ደፈነው። ውሃው ሲጠራቀም የዓይንሽን ነርቭ ይጫነዋል።»

«እንደ ደቻቱ» አለች ደሄቦ።

«ማነው እሱ?»

«ወንዛችን ነው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። መሄጃ ያጣ ቀን ግን ቤት ይገባል።»

 ብዙ ሰው የወሰደውን ጎርፍ የምናውቅ የድሬ ሰዎች ደቻቱን በጠራን ቁጥር የት የት እንደነበርን፣ ማን ማን እንደነበረ ትዝ ይለናል።

ሐኪሙ መፍትሔውን ነገራት። ከጭንቅላቷ ቀጭን ቱቦ ተነስቶ፣ በጆሮዋ ኋላ በቆዳዋ ሥር ወርዶ፣ ሆዷ ውስጥ ይገባል፤ የተረፈው ውሃ በዚያ ይወርዳል።

«ሐሳቤም አብሮ ይወርዳል?»

«ሐሳብ አይወርድም።»

«ቢወርድም ግድ የለም፤ ሰዉ ሁሉ በሆዱ ነው የሚያስበው። ዓይኔስ?»

ዶክተር ነህምያ እዚህ ላይ ቀልዱን አልተከተላትም። «የሄደውን እመልስልሻለሁ አልልሽም» አለ። «የቀረውን ግን ማዳን ይቻላል። በቆየሽ ቁጥር የሚድነው እያነሰ ይሄዳል።» ለሰኞ ቀጠራት።

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ድሬዳዋ ገባ። ደሄቦ ጭንቅላቷን ልታስከፍት ነው! ሰው ሁሉ አዘነ፤ ሐዘኑ ግን ከልብ የመነጨ ሆኖ የቆየው ናዲፋ አፏን እስክትከፍት ነው።

«ጭንቅላቱስ ይከፈት» አለች ናዲፋ ከመንገዱ ማዶ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እኔ የምፈራው ማደንዘዣውን ነው። ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ሲነቃ የሚያውቀውን ሁሉ ይዘከዝካል። የአክስቴ ጎረቤት ከቀዶ ሕክምና ስትነቃ የወንዶች ስም ጠራች ጠራች፣ ባሏ ዝርዝሩ ውስጥ የለም!»

ዛፉ ሥር የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ደሄቦ ዞረ።

ድሬዳዋ በአደባባይ ይቅማል፤ ይሄ ምሥጢር አይደለም። ምሥጢሩ በስውር የሚቅመው ነው፤ እሱን ደግሞ ጠንቅቃ የምታውቀው ደሄቦ ናት። ለምሳሌ የጨርቅ ነጋዴው ሙስአብ። ሙስአብ በሽማግሌዎች ፊት «ዳግመኛ ብቅም ሚስቴ የተፈታች ትሁን» ብሎ ምሏል። ዙርባው ግን በየቀኑ በሱቁ ጓሮ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይገባል። እንደ መሐላው ከሆነ ሚስቱን ያልፈታበት ቀን የለም፤ ማታ ማታ ግን ሴትዮዋ ምንም ሳታውቅ እራት ታቀርብለታለች። ለምሳሌ የሺመቤት። የሺመቤት የትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር ናት፣ ማኅበር የምትጠጣ፣ ጾም የማትሽር። ጫቱን የምታስገዛው «ለዘበኛው» ነው። ዘበኛው ጫት በአፉ ዞሮ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ደሄቦን ለማጽናናት የማይመጣ ሰው ጠፋ። ሙስአብ ከሐጅ የመጣ ዘምዘም በጠርሙስ ይዞ ቤቷ መጣ። «ኤዶ» አላት፤ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው፣ ታናናሾቿ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሯት፤ «ኤዶ፣ ቢላ ከአላህ አይበልጥም። ይሄን ጠጪ፣ ትንሽ ታገሺ።» እሱ ሲወጣ የሺመቤት በጀሪካን ጠበል ይዛ ገባች። «የሐኪም ነገር አይታወቅም እህቴ፤ አይቸኮልም» አለች። ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ጉዳይ ላይ እንዲህ ተስማምተው ሲገኙ አይቼ አላውቅም። ደሄቦ ሁለቱንም ጠጣች። «ሆዴ ከአሁኑ ውሃውን ይልመድ» አለች።

ሰኞ መጣ፣ አልሄደችም። ሌላም ሰኞ መጣ። ዶክተር ነህምያ ዱኒያ ጋ ደወለ፤ ዱኒያ ከእናቷ ጋር ተጣላች፤ እናቷ «ጫቱን ማን ይሸጥልኛል?» አለቻት። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ደሄቦ ፈርታ ነበር። የፈራ ሰው ምክር ይወዳል፤ አትሂድ የሚል ምክር ከሆነ።

ታዲያ አንድ ከሰዓት፣ ጫቱ ከአወዳይ ገብቶ ሰው ሲጋፋ፣ ዱኒያ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ወደ ዛፉ መጣች። እናቷን ጎትታም ቢሆን ለመውሰድ ቆርጣ ነው የመጣችው። ከተደረደረው ዙርባ ፊት ለፊት ቆመች፤ ሩጫ ትንፋሿን ስለቆረጠው ወዲያው መናገር አልቻለችም።

ደሄቦ ቀና አለች። «አንተ ረጅሙ፣ ትገዛለህ ወይስ ዛፉ አንሶኝ ጥላ ልትሆነኝ ነው?»

ሰው ሳቀ። ዱኒያ ገና ትንፋሿን እየሰበሰበች ነው።

«ምላስህን ናዲፋ በላችው? ተናገር እንጂ፣ እንደ ግንብ ተገትረህ ልትቀር ነው እንዴ!»

ሳቁ እንደገና ጀመረ፤ ከዚያ ሰዉ እርስ በርሱ ሲተያይ እየደከመ ሄዶ ጠፋ። ቆማ የምትሰደበው ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን።

«እማ» አለች ዱኒያ።

ደሄቦ እጇን ዘርግታ የልጇን ፊት ፈለገች፤ መጀመሪያ ትከሻዋን አገኘች፣ ከዚያ ጉንጯን። ጉንጩ እርጥብ ነበር። «መቼ መጣሽ?» አለች በትንሽ ድምፅ። እዚያ ዛፍ ሥር ስድብም ቀልድም የሌለበት ነገር ስትናገር መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው።

ሙስአብ፣ አላህ ይቅር ይበለውና፣ ለመናገር ይህንኑ ሰዓት መረጠ። «ኤዶ፣ አትደንግጪ። ሁሉም በእሱ እጅ ነው፤ አሁንም ቢሆን ታግሰሽ…»

ደሄቦ ተነስታ ቆመች።

«ሙስአብ!» አለች። እሱን በድምፁ ለማግኘት ዓይን አያስፈልጋትም። «እኔ ለመናገር ማደንዘዣ አያስፈልገኝም። ሳልደነዝዝም እችላለሁ። አሁን ልጀምር? በሰፈር ነው የምትፈልገው ወይስ በሃይማኖት?»

አንድ ባጃጅ ሞተሩን አጥፍቶ ቆመ፤ ሹፌሩ መስማት ፈልጎ ነው።

«ነገ ሐረር እሄዳለሁ። አትሂጂ የሚል ሰው ካለ ይቅረብ፤ የሚቅመውን ከነተደበቀበት ቦታ እጠራለታለሁ።»

«አላህ ያሽርሽ» አለ ሙስአብ በፍጥነት። «በሐኪምም እኮ ያሽራል። ኤዶ፣ እንዲያውም ሕክምና ሱና ነው!»

ማምሻውን የሺመቤት ለጉዞ የሚሆን መኪና ከነሹፌሩ ላከች። «ዘበኛው ነው ያሰበልሽ» የሚል መልእክትም ነበረው።

ቀዶ ሕክምናው እንዴት እንደሄደ የነገረችን ዱኒያ ናት። የእናቷን ራስ በግማሽ ላጩት። ደሄቦ ወደ ውስጥ ስትገባ ዶክተሩን አንድ ነገር ለመነችው፤ ስትነቃ ከልጇና ከእሱ በቀር ሰው እንዳይኖር። እሺ አላት። ብዙ ሰዓት ቆየ። ከዚያ ወጣች፣ ነቃች፣ ውሃ ጠየቀች። የማንንም ስም አልጠራችም። ዓይኗን ግን ጨፍና ቀረች።

«ደሄቦ፣ ዓይንሽን ክፈቺ» አላት ዶክተር ነህምያ።

«ምን አስቸኮለህ?» አለች፤ ድምፅዋ ገና ሻካራ ነው። «አሁን እንደጨፈንኩት ያያልም፣ አያይምም። ከከፈትኩት በኋላ አንዱ ብቻ ነው የሚሆነው።»

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዱኒያ የእናቷን እጅ ያዘች። ያን ሁሉ ጊዜ የገፋችውን ቀጠሮ፣ የጠጣችውን ዘምዘምና ጠበል፣ ሁሉንም ጨፍና ያዘችው። ከዚያ ከፈተችው።

የቀኝ ዓይኗ መስኮት እንዳለ አወቀ። መጋረጃው ሰማያዊ እንደሆነ አወቀ። እጇን ይዛ የቆመችው ዱኒያ መሆኗን አወቀ፤ መልኳ ግን ውሃ እንደገባበት ፎቶ ነበር። የግራው ዓይን ብርሃን እንዳለ ብቻ ነገራት፤ ሌላ ምንም አልነገራትም። ሳምንታት ሲያልፉ ራስ ምታቱ ጨርሶ ተወ፣ ጎንበስ ስትል መጨለሙም ቀረ፤ የቀኙም ጠራ፣ ጥሩ ብርሃን ሲኖር ፊት የሚለይ ሆነ። ግራው እንዳለ ቀረ። በቀጠሮዋ ቀን ዶክተሩ «በመጀመሪያው ሰኞ መጥተሽ ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ጀመረና አቋረጠ። ደሄቦም አላስጨረሰችውም፤ «ካርድህን ጻፍ» አለችው።

ሻሽ አስራ ወደ ዛፏ ተመለሰች። ሊጠይቃት የማይመጣ አልነበረም። ሙስአብ ብርቱካን ይዞ መጣና ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ፣ «ኤዶ፣ ስትነቂ ምን አልሽ?» አላት።

«ሁሉንም» አለችው። እስከዛሬ በደንብ እንቅልፍ አይወስደውም።

ይሁንና ከዛፉ ሥር አንድ ነገር አስቸገራት። ጥላው ውስጥ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነባት። የምትወደው፣ የእናቷ ጥላ፣ ጥቅጥቅ ያለው ጥላ፣ የተረፈላትን ዓይን ዋጠው። ሰዎቹ ከመንገዱ ሲመጡ ይታዩአታል፤ ዛፉ ሥር እንደገቡ ይጠፋሉ። ለምለሙን ጫት ከጠወለገው መለየት አልቻለችም። ሁለት ገበያ ማንንም ሳትሰድብ ተቀመጠች። በሚቀጥለው ቀን ተነስታ መንገዱን ተሻገረች፣ ባጃጆቹን በእጇ እያስቆመች፣ ናዲፋ ፊት ቆመች።

«ቦታ እንለዋወጥ።»

ናዲፋ ውሃ የምትረጭበትን ጣሳ አስቀመጠች። «ጭንቅላትሽን ሲዘጉት ምን ረስተው ነው የዘጉት?»

«መቀስ። ትለዋወጪያለሽ?»

«ጥላውን ልትሰጪኝ? የእናትሽን ጥላ?»

«እናቴ ከሞተች ቆየች፤ ፀሐይ አያገኛትም።»

ናዲፋ ዛፉን አየች፣ ደሄቦን አየች፣ እንደገና ዛፉን አየች። «ሊቆርጡት ነው!» አለች። «መንገድ ሊያሰፉ ነው አይደል? የሺመቤት ነገረችሽ! እኔን እዚያ አስቀምጠሽ ዛፉ እላዬ ላይ ሲወድቅ ከዚህ ሆነሽ ልትስቂ ነው!»

«ወላሂ የሚቆርጠው የለም።»

«ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው? ፀሐይ የሚፈልግ የድሬ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«አላይም እዚያ» አለች ደሄቦ። «ጨለማ ነው። እዚህ አንቺን አይሻለሁ። አስቀያሚ እንደሆንሽ ራሱ ገና ዛሬ ነው ያየሁት።»

 ናዲፋ ጆንያዋን መጠቅለል ጀመረች።

ያን ዕለት ከሰዓት ከዛፉ ሥር ሆኜ ሁለቱንም አያቸው ነበር። ናዲፋ ጥላው ውስጥ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ እንደ ሰው ቤት እንግዳ ግንዱን አልተደገፈችም። ደሄቦ ማዶ ናት። ፀሐዩ አናቷ ላይ ነው፣ ሻሿ በላብ ርሷል፣ በግራ እጇ ጆንያው ላይ ውሃ ትረጫለች፣ በቀኝ ዓይኗ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ትቃኛለች። ናዲፋ ብዙ ቆየች፣ ተቁነጠነጠች፣ በመጨረሻ አልቻለችም።

«ደሄቦ!» ብላ ጮኸች። «አቦ ነይ ወዲህ! ቦታው ለሁለት ይበቃል፤ ጫትሽም አንቺም ልትደርቁ ነው!»

ደሄቦ ፊቷን ከመንገዱ አላነሳችም።

«ከዚያ ሆኜ ማንን አያለሁ?» አለቻት።